ደብዳቤ የሚጠብቅ ስልክ አይተኛም

ግንቦት 2011 ዓ.ም. ነው። የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ቀነሰ ተብሎ አገሩ ሁሉ በፈረቃ ይጨልም በነበረበት በዚያ ወር፣ ከመካከላችን አንዷ ዲግሪዋን ይዛ ቡታጅራ እናቷ ቤት ተቀምጣ ነበር። ስድስት ቦታ ሥራ ጠይቃለች። መልሱ በኢሜይል እንደሚደርሳት ተነግሯታል። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ስልኳን ስታይ ባትሪው 14 በመቶ ላይ ነው፤ የሰፈሩ ተራ ደግሞ የጨለማ። ዳታዋን ዘጋችና ተኛች። ረቡዕና ሐሙስ ስልኩ ለመደወያ ብቻ ዋለ። ዓርብ ዳታውን ስትከፍት ማክሰኞ ማታ የተላከ የፈተና ጥሪ ገባ። ፈተናው የነበረው ሐሙስ ጠዋት ነው።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አንጠራም። ስልክ ቁጥሯ ማመልከቻው ላይ ነበር፣ መደወል ይችሉ ነበር፣ አልደወሉም… ይሄ የሌላ ቀን ጨዋታ ነው። እኛን ለዓመታት ያከራከረን ሌላ ነገር ነው። ግማሾቻችን "ኢሜይል እኮ ጽሑፍ ነው፤ ምን ባትሪ ይበላል? በከንቱ ዘጋሽው" አልናት። የቀረነው ደግሞ "ዳታ የተከፈተ ስልክና የተዘጋ ስልክ እኩል ያድራል እንዴ? በዓይናችን ያየነውን!" አልን። ታሪኩን ስንጎረጉር ሁለታችንም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘን ነው ለካ የምንጨቃጨቀው።

ከዘመዶቻችን እንጀምር። የጉራጌ ሰው አዲስ አበባ ገብቶ መነገድ ከጀመረ ወዲህ ወሬ ወደ አገር ቤት የሚሄደው በሰው እጅ ነበር። ደብዳቤው በሾፌር ኪስ፣ ብሩ በጨርቅ ተቋጥሮ በአጎት ልጅ እጅ። ትልቁ ርክክብ ግን በዓመት አንዴ ነው። ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለአረፋ አገር ቤት ይገባል። ማን ወለደ፣ ማን ሞተ፣ የማን ልጅ ለማን ታጨች፣ የማን አጥር ወደ ማን ገባ፣ የዓመቱ ሒሳብ በዚያ ሳምንት ይወራረዳል። የስልክ ሰዎች ዛሬ "ሲንክ" የሚሉት ነገር ሌላ አይደለም፤ ሁለት ቦታ ያለ መዝገብ ተገናኝቶ እኩል ይሆናል። በቀረው ዓመት ማንም በር ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህም ማንም አይደክምም።

የኮምፒውተር ደብዳቤም አገራችን የገባው በዚሁ ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባል የመረጃ ክፍል ነበር። ኢሜይል የሚላከው በእሱ በኩል ነበር። መልእክቱ ይጠራቀምና በተራ የስልክ መስመር ተደውሎ በጥቅል ይሄዳል፣ በጥቅል ይመጣል። ኢንተርኔት ራሱ የገባው ጥር 1989 ዓ.ም. ነው፤ ሞባይል ደግሞ በ1991 ዓ.ም.። ከዚያ በኋላ የኢንተርኔት ካፌ ዘመን መጣ። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ያደገ የእኛ ታላቅ ወንድም ያሁ ከፍቶ ደብዳቤውን ያየው ካፌ ሄዶ፣ በደቂቃ ከፍሎ ነው። ደብዳቤው ይጠብቀዋል እንጂ እሱ ደብዳቤውን አይጠብቅም። ልዩነቱን ልብ በሉልን፤ የባትሪው ነገር ሁሉ እዚህች ላይ ነው ያለው።

በሰኔ 1997 እ.ኤ.አ. ጥቂት ገጽ ያላት የቴክኒክ ሰነድ ወጣች። ቁጥሯ 2177 ነው። ነገሩን ስናሳጥረው፣ ኮምፒውተሩ የፖስታ ቤቱን ሰርቨር "እየመጣሁ አልጠይቅህም፤ መስመሩን ሳልዘጋ ዝም ብዬ እቆማለሁ፣ ደብዳቤ ሲመጣ ንገረኝ" እንዲለው ትፈቅዳለች። ሰርቨሩ ዝም ያለውን ደንበኛ ሄዷል ብሎ መስመሩን እንዳይዘጋበት ግን ቢያንስ በየ29 ደቂቃው "አለሁ" ማለት አለበት። ጠረጴዛ ላይ ሶኬት ውስጥ ተሰክቶ ለሚውል ኮምፒውተር ይሄ ምንም አይደለም። ኪስ ውስጥ ሲገባ ነው ጣጣው የሚጀምረው። የስልክ ኔትወርኮች ዝም ያለ መስመር ብዙ ጊዜ ከ29 ደቂቃ በፊት ስለሚቆርጡ፣ ስልኩ "አለሁ፣ አለሁ" የሚለው ከዚያም እየቶሎ ነው።

አሁን አንድ የሚያስገርም ነገር እንንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የካናዳው ሪም ኩባንያ ብላክቤሪ 850 የሚባል መሣሪያ አወጣ። ኢሜይል ገና ሲደርስ ኪስ ውስጥ ይንጫጫል፤ ፑሽ የሚሉት ይሄንን ነው። ታዲያ በምን ይሠራ ነበር? በአንዲት ድንጋይ! አዎ፣ አያቶቻችን ፀሐይ ላይ አስጥተው ነፍስ ሊዘሩባት የሚሞክሩት የሬዲዮ ድንጋይ ዘር፣ ያቺ ቀጭኗ። በእሷ ሳምንታት ይቆያል። እንግዲህ በአንዲት ድንጋይ ሳምንታት የሚሠራ ነገር እንዴት ነው በእኛ ዘመን ስልክ በግማሽ ቀን የሚያደርቀው የተባለው?

መልሱን በግቢ እናስረዳ። አሥር ተከራይ ያለበትን ግቢ አስቡ። በሩ ላይ አንድ ዘበኛ አለ። እንግዳ ሲመጣ ዘበኛው የሚመለከተውን ሰው ይቀሰቅሳል፣ ሌላው ይተኛል። ብላክቤሪ እንዲህ ነበር። አንድ መልእክት፣ አንድ መንገድ፣ ጽሑፍ ብቻ፣ ለአጫጭር መልእክት በተሠራ ኔትወርክ። ዘበኛ የሌለበት ግቢ ሌላ ነው። አሥሩም ተከራይ በየሩብ ሰዓቱ እየተነሳ፣ መብራት አብርቶ፣ ጫማ አድርጎ፣ በር ድረስ ሄዶ "ሰው አለ?" ብሎ ይመለሳል። እንግዳ ባይመጣም ሌሊቱ አልቋል።

ስልክ ላይ "በየ15 ደቂቃው ፈትሽ" ተብሎ የተቀመጠ የኢሜይል አካውንት በቀን 96 ጊዜ በር ድረስ ይሄዳል። የግል፣ የትምህርት ቤትና የድሮ ያሁ ሦስት አካውንት ካላችሁና ሦስቱም በየራሳቸው ሰዓት ከተነሱ 288 ጊዜ ነው። ደግሞ መሄዱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ 3ጂ ላይ አንድ የተለመደ መልእክት ለመላክ ከሚወጣው ጉልበት 60 በመቶ ገደማ የሚባክነው መልእክቱ ካለቀ በኋላ ነው! ስልኩ "ምናልባት ሌላ ይከተል ይሆናል" ብሎ ለሰኮንዶች ሬዲዮውን በሙሉ ኃይል ከፍቶ ይቆያል። ጭራ ይሉታል። ሁለት መስመር ኢሜይልና ትልቅ ፎቶ ከኋላቸው የሚጎትቱት ጭራ እኩል ነው። 4ጂም ከዚህ ጠባይ ነፃ አይደለም። ስለዚህ "ጽሑፍ ምን ይበላል?" ያልነው ወገኖች እዚህ ላይ ተሸነፍን። ጽሑፉ አይበላም፤ የሚበላው መነሳቱና ተነስቶ መቆየቱ ነው።

ኩባንያዎቹ ይህን የተረዱት ቀስ እያሉ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2003 የሞከረው ዘዴ ለእኛ አገር ሰው ትርጉም አለው። ደብዳቤ ሲመጣ ሰርቨሩ ለስልኩ ኤስ ኤም ኤስ ይልካል፣ ስልኩ በዚያ ተቀስቅሶ ኢሜይሉን ያወርዳል። ኤስ ኤም ኤስ ርካሽ ዘበኛ ነው፤ ስልኩ ጥሪ ለመስማት እንደሁ ሁልጊዜ ጆሮውን ጣል አድርጎ ስለሚያድር፣ ለኤስ ኤም ኤስ ተጨማሪ ንቃት አይጠይቅም። (የእኛ አገር ኤስ ኤም ኤስ ከ1997ቱ ምርጫ ማግሥት እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ተዘግቶ እንደነበር እግረ መንገዳችንን እናስታውስ። ዓለም ስለ ፑሽ ሲራቀቅ እኛ "ደህና ነኝ" ብለን እንኳን መጻፍ አንችልም ነበር።) እ.ኤ.አ. በ2005 ማይክሮሶፍት ኤስ ኤም ኤሱን ትቶ መስመሩን ክፍት አድርጎ ወደ መጠበቅ ዞረ። በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አይፎን ፑሽ ኢሜይል የነበረው ለያሁ ብቻ ነው። በ2008 አፕል "እያንዳንዱ ፕሮግራም ከጀርባ ነቅቶ ከዋለ ባትሪ አይተርፍም፤ ለሁሉም አንድ መስመር እንከፍታለን" ብሎ ቃል ገባ። የቀጠረው ለዚያው ዓመት መስከረም ነበር፤ የደረሰው በሰኔ 2009 ነው። ጉግልም በ2010 ለአንድሮይድ ተመሳሳዩን አበጀ። ግቢው መልሶ ዘበኛ ቀጠረ ማለት ነው።

አያችሁ፣ ፑሽ በራሱ ጠላት አይደለም። በአንድ ዘበኛ በኩል ሲሆን እንዲያውም በየሩብ ሰዓቱ ከመፈተሽ ይሻላል። ችግሩ ዘበኛው ተቀጥሮም ስንቱ ተከራይ አላመነውም! የኢሜይል ፕሮግራሞች የየራሳቸውን መስመር ከፍተው ቀሩ፣ ሌላው ፎቶ ያመሳስላል፣ ሌላው የአየር ጠባይ ይጠይቃል፣ ጨዋታው ማስታወቂያ ያወርዳል።

ይህ ሁሉ ወደ እኛ ከተሞች የገባው ተዘጋጅቶ ነው፤ እንደ ቅመም ተወቅጦ፣ ማን ምን እንደጨመረበት ሳይታወቅ። ቴክኖን የሚሠራው ትራንሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠም ጀመረ። በ2005 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ማስፋፊያ ተፈራረመ፣ 3ጂውም ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ክልል ከተሞች ተስፋፋ። ርካሽ አንድሮይድ ስልክ የገዛ ተማሪ ሱቅ ውስጥ የጂሜይል አካውንት ይከፈትለታል፤ ያለሱ ፕሮግራም አይወርድማ። ያን ቀን "ሲንክ" በርቶ ይቀራል። ኢሜይል ጽፎ የማያውቅ ሰው ስልኩ ሌት ተቀን ኢሜይል ይጠብቅለታል።

የተሠራው ደግሞ ቻርጀሩ ጠረጴዛው ሥር ለሆነ ሰው ነው። ከወልቂጤ ወደ ጅማ ስትሄዱ መንገዱ ጊቤ በረሃ ይወርዳል። አገሩን ያበራል የተባለው ወንዝ ነው። ሁለተኛው ግልገል ጊቤ በጥር 2002 ዓ.ም. በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ 26 ኪሎ ሜትር ከሚረዝመው ዋሻው ከፊሉ ተደረመሰ። ወንዙ አጠገብ ያለው ከተማ ግን ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ሻማ ይገዛ ነበር። ዶርም ውስጥ አንድ ዲቫይደር ላይ ስምንት ቻርጀር የሰካ፣ ሱቅ ከፍሎ ስልኩን አስቀምጦ የሄደ ትውልድ ስለ ባትሪ ከካሊፎርኒያ መሐንዲስ የሚማረው ብዙ አልነበረውም። ኔትወርኩም ያው ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ ሲግናሉ ሁለት መስመር፣ አንድ መስመር እያለ ይወርዳል። ስልኩ ማማው እንዲሰማው ይበልጥ ይጮኻል፣ መልእክቱ ሳይደርስ ሲቀር ይደግመዋል። ከተማ ውስጥ በትንሽ ጉልበት የሚያልቅ "ሰው አለ?" ቀበሌው ጋ እጥፍ ድርብ ያስከፍላል።

ስለዚህ እናቶቻችን "ዳታውን ዝጊው" ማለት ጀመሩ። ግማሹ ለባትሪ፣ ግማሹ ፓኬጅ ሲያልቅ ካርድ ይበላል ብለው። ኋላ ቀርነት መስሎን ስቀንባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጉግል አንድሮይድ 6 ላይ "ዶዝ" የሚባል ነገር ጨመረ፤ ሸለብታ ማለት ነው። ስክሪኑ ጠፍቶ ስልኩ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ የፕሮግራሞቹን መስመር ይዘጋና አልፎ አልፎ ብቻ ሁሉንም በአንድ ላይ ያስተናግዳል። የቡታጅራ እናት በጣቷ የምትሠራውን ስልኩ ራሱ እንዲሠራው አደረጉ እንጂ ሌላ ምን ጨመሩ? አንዳንድ አምራቾች ደግሞ ከዚህ አልፈው ፕሮግራሞችን ጨርሰው ስለሚገድሉ ኢሜይል ሰዓታት ዘግይቶ የሚገባበት ስልክ ሞልቷል። ባትሪው ይቆያል፣ ጥሪው ያመልጣል።

እኛ መጨረሻ ላይ የተስማማነው በጣም ተራ በሆነ ነገር ነው። የሚያስፈልገው አንድ አካውንት በፑሽ ይቀመጥ፣ የቀሩት እኛ ስንከፍታቸው ብቻ ይፈትሹ፣ የማንጠቀምባቸው ይውጡ። ሲግናል ወደሌለበት ስንሄድ ዳታው ይዘጋ። እና መልስ የምንጠብቅ ከሆነ፣ መብራት ባይኖርም፣ ጠዋትና ማታ ለሁለት ደቂቃ ይከፈት። የመስቀሉን ርክክብ በቀን ሁለቴ ማድረግ በሉት።

ያቺ የቡታጅራዋ ልጅ ሥራ ያገኘችው በዚያው ዓመት ክረምት ነው። ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ከስድስቱ አራተኛው። ኢሜይል አልላኩላትም፤ ደወሉላት። ባትሪዋ 9 በመቶ ነበር።