የእናቶች ማቆያ

የእናቶች ማቆያ በሆስፒታል ወይም በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ አለዚያም ከአጥሩ አጠገብ የሚሠራ፣ መውለጃቸው የቀረበ ነፍሰ ጡሮች ምጣቸው እስኪመጣ የሚቀመጡበት ቤት ነው። ሕክምና የሚሰጥበት ክፍል አይደለም፤ ፍራሽ፣ ማብሰያና መጸዳጃ ያለው ተራ መኖሪያ ነው። ሥራው ሴትየዋን ከሐኪም የሚለየውን መንገድ ምጥ ሳይጀምራት እንድትጨርስ ማድረግ ነው።

በወሊድ የሚጠፋ ሕይወት የጤና ባለሙያዎች «ሦስቱ መዘግየቶች» ከሚሏቸው ጋር ይያያዛል፦ ለመሄድ መወሰን፣ ጤና ተቋም መድረስ፣ ደርሶም ተገቢውን እርዳታ ማግኘት። ማቆያ የሚያቃልለው በተለይ ሁለተኛውን ነው። ክረምት ወንዝ በሚሞላበት፣ ወላድ በቃሬዛ በምትወጣበት ቀበሌ አምቡላንስ ቢኖርም ሁልጊዜ አይደርስም። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የተፈጸመው ወሊድ እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 5፣ በ2016 ደግሞ ከመቶ 26 ነበር።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኩባ የመጀመሪያ ማቆያዋን በካማጉዌይ የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። በኢትዮጵያ በሰፊው የሚጠቀሰው በጉራጌ፣ ከወልቂጤ አቅራቢያ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ማቆያ ነው። ከ1987 እስከ 2008 (እ.ኤ.አ.) ያለው የሆስፒታሉ መዝገብ ሲመረመር፣ ከ24,148 ወላዶች 6,805ቱ በማቆያው ያለፉ ሆነው ተገኙ። ከእነዚህ መካከል የእናቶች ሞት ከ100,000 ወደ 90 ሲሆን፣ በቀጥታ ከቤታቸው ከመጡት ግን ከ1,300 በላይ ነበር። ሞቶ የተወለደ ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ከ1,000 ወደ 18፣ በሁለተኞቹ 191 ነው።

ቁጥሩ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። ከቤቷ በቀጥታ የምትመጣው ብዙውን ጊዜ ምጡ ከጠናባት በኋላ ስለሆነ፣ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ውጤት ነው ማለት አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ማቆያን ሲደግፍ ማስረጃው ደካማ መሆኑን አልሸሸገም።

ቅድሚያ የሚሰጠው ሩቅ ለምትኖር፣ ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን ለወለደች፣ መንታ ላረገዘች፣ ጽንሷ ለተጋደመባት ወይም የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላት ሴት ነው። ብዙዎቹ የሚገቡት የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሲደርሱ ነው፤ የወር አበባዋ የቀረበትን ቀን በትክክል ለማታስታውስ ሴት ግን ቆይታው ሊረዝም ይችላል። በዚያ ጊዜ አዋላጅ ነርሷ የደም ግፊቷንና የደም ማነሷን ትከታተላለች፣ የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒን መውሰዷን ታረጋግጣለች፣ ደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የእንሽርት ውኃ መፍሰስ ሲታይ ሳትዘገይ እንድትናገር ትመክራታለች። ውኃ መቅዳትና እንጨት መልቀም የለም፤ ለአንዳንዷ ይህ ከተዳረች ወዲህ ያገኘችው የመጀመሪያ ዕረፍት ሳይሆን አይቀርም።

ሆኖም ፍራሹ ባዶውን የሚያድርባቸው ማቆያዎች አሉ። ልጆቹን ማን ይይዛል? ከብቱንስ? ባልና አማት ካልፈቀዱ፣ ወይም አዝመራ ከደረሰ፣ የነርሷ ምክር ብቻውን ሴትየዋን ከቤቷ አያስነሣትም። ስንቅም ሌላው ጣጣ ነው፤ በብዙ ቦታ ዱቄትና ሽሮዋን ይዛ፣ አስታማሚ አስከትላ መምጣት ይጠበቅባታል። እህል ከቀበሌው ነዋሪ የሚዋጣበት፣ ቡና የሚፈላበትና ለአራሷ ገንፎ የሚገነፋበት ማቆያ የተሻለ ተቀባይነት ቢያገኝ አይገርምም።

ከወሊድ በኋላም ማቆያው ጥቅም አለው። ለሞት የሚያደርስ የደም መፍሰስ የሚበዛው በመጀመሪያው ቀን በመሆኑ፣ አራስ ቢያንስ 24 ሰዓት በጤና ተቋም እንድትቆይ ይመከራል። የማዋለጃ አልጋ በሚያጥርበት ጤና ጣቢያ እናትና ልጅ ይህን ጊዜ በማቆያው ሲያሳልፉ፣ ነርሷ የደሙን መጠን፣ የማሕፀኑን መኮማተርና የሕፃኑን አጠባብ እየተመላለሰች ታያለች።