ስለ ባንኮች መታደጊያ ሕግና ስለ ሴናተር ሼልቢ ተቃውሞ

በወላይታ አገር፣ በእኛም በቦዲቲ፣ ለጊፋታ በዓል ወንዶቹ ለበሬ፣ ሴቶቹ ለቅቤ የሚኾን ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ያጠራቅማሉ። ገንዘብ ጠባቂው አደራውን በቁማር ቢያጠፋና ከማኅበሩ ውጪ ያለው ጎረቤት «አንተ ሙላልን» ቢባል ምን ይመልሳል? ይህን የመሰለ ጥያቄ በ2001 ዓ.ም. በመስከረም ወር በአሜሪካ ምክር ቤቶች ተነሥቶ ብርቱ ክርክር ኾነ።

ነገሩም እንዲህ ነው። የአሜሪካ ባንኮች መክፈል ለማይችል ሰው ለቤት መግዣ ብዙ ብድር ሰጡ፤ የብድሩንም ሰነድ እርስ በርሳቸውና ለውጭ አገር ሰዎች ሲሸጡ ቈዩ፤ የቤት ዋጋ በወደቀ ጊዜ ግን ሰነዱን የሚገዛ ታጣ። መስከረም 5 ቀን ሌማን ብራዘርስ የተባለው ታላቅ የገንዘብ ንግድ ቤት ከሰረ። በዚያው ሳምንት የገንዘብ ሚኒስትሩ ሄንሪ ፖልሰን የተበላሸውን ሰነድ መግዣ 700 ቢሊዮን ዶላር እንዲፈቀድላቸው በሦስት ገጽ ወረቀት ጠየቁ። በወረቀቱም ሚኒስትሩ የሚወስኑትን ፍርድ ቤት እንኳ ሊመረምረው አይችልም የሚል አንቀጽ ነበረበት። (የዕድር ደንብ እንኳ ከዚህ ይረዝማል።)

በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የባንክ ጉዳይ ኮሚቴ የሪፐብሊካን ወገን አለቃ የነበሩት የአላባማው ሴናተር ሪቻርድ ሼልቢ፣ ፕሬዚዳንቱና ሚኒስትሩ የገዛ ወገናቸው ሰዎች ሳሉ፣ ዐሳቡን ተቃወሙ። መስከረም 15 ቀንም ከፕሬዚዳንቱ ጉባኤ ሲወጡ የብዙ ኢኮኖሚ ሊቃውንትን የተቃውሞ ደብዳቤ ለጋዜጠኞች አሳዩ። ተቃዋሚዎች ካነሡት ክርክር ለእኛ ብርቱ መስሎ የሚታየን ይህ ነው፤ መንግሥት ሰነዱን ከዋጋው በላይ ቢገዛው ግብር ከፋዩ ይከስራል፤ በዋጋው ቢገዛው ደግሞ ባንኩ አይድንም።

መስከረም 19 ቀን የእንደራሴዎች ምክር ቤት ሕጉን በ228 ድምፅ ለ205 ጣለው፤ በዚያችው ቀን የአክሲዮን ገበያው መለኪያ ዳው ጆንስ 777 ነጥብ ወረደ። ድንጋጤውም ብዙዎችን አስለወጠ። መስከረም 21 ቀን የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ74 ለ25 ሲያጸድቀው ሼልቢ ከ25ቱ ጋራ ቆሙ፤ መስከረም 23 ቀን እንደራሴዎቹም በ263 ለ171 ተቀበሉት።

የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ የኾነው ነው። ሚኒስትሩ ያን ያህል የተሟገቱለትን ሰነድ የመግዛት ዐሳብ ትተው፣ ጥቅምት 4 ቀን 125 ቢሊዮኑን በ9 ታላላቅ ባንኮች ካፒታል ላይ እንደሚጨምሩ አስታወቁ። እንግዲህ ሼልቢ በአሠራሩ ላይ ያነሡት ጥርጣሬ ከንቱ አልነበረም። ዳሩ ግን እውነት ለመናገር፣ ለባንኮች የተሰጠው 245 ቢሊዮን ያህል ገንዘብ በኋላ ከነትርፉ ተመልሷል። ቤታቸውን በዕዳ የተነጠቁት ሰዎች ግን እንዲህ ያለ ፈጣን ረድኤት አላገኙም።

ይህን ታሪክ ያነሣነው በ2017 ዓ.ም. የእኛም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ እንዲወጣ ስለ ፈቀደ ነው። የእኛ ዕዳ በአብዛኛው የመጣው ለመንግሥት የልማት ድርጅቶች ከተሰጠ ብድር ነው፤ ስለዚህ አበዳሪውም ተበዳሪውም ዋሱም መንግሥት ነው።