በጤግሮስ ላይ የተሠራው ግድብና የተሻረው ዋስትና

በኦሪት ዘፍጥረት ከተጠሩት አራት ወንዞች መካከል ግዮን የኢትዮጵያን ምድር እንደሚከብብ፣ ጤግሮስም በአሦር በኩል እንደሚሄድ ተጽፏል። ግዮንን ከዓባይ ጋር አንድ አድርጎ ለሚቆጥረው አንባቢ ሁለቱ ወንዞች የአንድ ምንጭ ልጆች ናቸው። በዘመናችንም ዕጣቸው መመሳሰሉ አልቀረም። ሁለቱም ከደጋ ተነሥተው በረሃ ለበረሃ እየተጓዙ ከአንድ በላይ የሆኑ አገሮችን ያጠጣሉ። በሁለቱም ላይ የላይኛው አገር ግድብ ሲገነባ የታችኛው አገር አቤት ይላል። ለሁለቱም የውጭ ገንዘብ መስጠትና መንፈግ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጤግሮስ ላይ የተሠራውን የኢሊሱን ግድብ ታሪክ መመርመር ነው። በተለይም የአውሮፓ መንግሥታት ለግድቡ ዋስትና እንዳይሰጡ ለአሥር ዓመታት ያህል የተካሄደውን ተቃውሞ፣ ተቃውሞው ያገኘውን ድልና ያ ድል ሊያስገኘው ያልቻለውን ውጤት ይመለከታል። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዕቅዱና ይዘቱ

ጤግሮስ ከደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ተራሮች ተነሥቶ፣ የሶርያን ድንበር በጥቂቱ ታክኮ ወደ ኢራቅ ይዘልቃል። ሞሱልንና ባግዳድን ካለፈ በኋላ በስተደቡብ ከኤፍራጥስ ጋር ይገናኛል። የቱርክ መንግሥት በእነዚህ ሁለት ወንዞች ላይ 22 ግድቦችና 19 የኃይል ማመንጫ ጣቢያዎች ለመሥራት ያወጣው ሰፊ ዕቅድ የደቡብ ምሥራቅ አናቶሊያ ፕሮጀክት ይባላል። በኤፍራጥስ ላይ ትልቁ የአታቱርክ ግድብ ሲሆን፣ በጤግሮስ ላይ ደግሞ ኢሊሱ ነው። ጥናቱ በ1950ዎቹ ተጀምሮ ንድፉ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተጠናቀቀ።

ግድቡ ከሶርያ ድንበር 65 ኪሎሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። በድንጋይ ሙሌት የተሠራና ፊቱ በኮንክሪት የተለበጠ ሆኖ፣ ከፍታው 135 ሜትር፣ ርዝመቱም 1,820 ሜትር ነው። እያንዳንዳቸው 200 ሜጋዋት የሚያመነጩ 6 ተርባይኖች ስላሉት ጠቅላላ ኃይሉ 1,200 ሜጋዋት ይደርሳል። ሐይቁ 10.4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ሲይዝ፣ ይህም ወንዙ በዚያ ቦታ በአማካይ ዓመት ከሚያመጣው ከግማሽ በላይ ነው። ሲሞላም ከ300 ካሬ ኪሎሜትር በላይ መሬት ይሸፍናል።

ቁጥሮቹ ከራሳቸው አልፈው ብዙ ይናገራሉ። ከጣቢያው በየዓመቱ ይገኛል ተብሎ የታሰበው ኃይል 3,800 ጊጋዋት-ሰዓት ያህል ነው። ስድስቱ ተርባይኖች ዓመቱን በሙሉ ያለ ዕረፍት ቢሠሩ ግን ከ10,500 ጊጋዋት-ሰዓት በላይ በሰጡ ነበር። ስለሆነም ጣቢያው የተነደፈው ከሙሉ አቅሙ 36 በመቶ ያህሉን እንዲሠራ ነው። ይህ በራሱ የንድፍ ጉድለት አይደለም፤ ጣቢያው ኤሌክትሪክ በብዛት በሚፈለግባቸው ሰዓቶች ከፍተኛ ኃይል እንዲያቀርብ የታሰበ መሆኑን ያሳያል። ከታች ላለው ወንዝ ግን ትርጉሙ ከባድ ነው፤ ተርባይኖቹ ሲከፈቱ ወንዙ ይሞላል፣ ሲዘጉ ይጎድላል። ይህን መዋዠቅ እንዲያስተካክል ከኢሊሱ በታች በጂዝሬ ሌላ ግድብ ታቀደ። የጂዝሬ ግድብ ግን ውኃውን ለመስኖ ጭምር የሚጠልፍ ነበር። ኢሊሱ ውኃውን ለኃይል ብቻ ተጠቅሞ ይለቀዋል የሚለው የቱርክ መሐንዲሶች ክርክር፣ የሙሌቱ ዘመንና ትነቱ ሳይቆጠሩ፣ ለኢሊሱ ብቻውን እውነት ነበር። ከጂዝሬ ጋር ተዳምሮ ሲታይ ግን እውነትነቱ ይቀንሳል።

ከግድቡ በላይ ያለው ጉዳት ይበልጥ ግልጽ ነበር። ከሚጠለቀው ሸለቆ ውስጥ ጥንታዊቱ የሐሰንኬይፍ ከተማ ትገኛለች። የአርቱቅ ነገሥታት በ12ኛው መቶ ዘመን በጤግሮስ ላይ ያሠሩት ድልድይ ምሰሶዎች፣ በ15ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የዘይነል ቤይ መቃብር፣ ከቋጥኝ ተፈልፍለው ሰው ሲኖርባቸው የቆዩ ዋሻዎች በዚያ ነበሩ። ወደ 200 የሚጠጉ መንደሮችና የሰፈራ ቦታዎች በሙሉ ወይም በከፊል በውኃ እንደሚነኩ ታወቀ። የተፈናቃዩ ቁጥር በመጀመሪያ 15 ሺህ ተብሎ ሲገመት፣ ኋላ የወጡ ግምቶች ከ50 ሺህ በላይ አደረሱት፤ የተቃዋሚዎች ግምት እስከ 78 ሺህ ደርሷል። በአካባቢው የሚበዙት ኩርዶች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ በ1990ዎቹ ጦርነት ከመንደራቸው አንድ ጊዜ የተፈናቀሉ ነበሩ። መሬቱ በጥቂት ባለርስቶች እጅ በመሆኑም ካሣው ለባለርስቱ ሲደርስ፣ መሬት የሌለው አራሽ ባዶ እጁን ይቀር ነበር።

ዋስትና ማለት ምን ማለት ነው?

የዓለም ባንክ ወሰን ተሻጋሪ በሆነ ወንዝ ላይ ለሚሠራ ሥራ ገንዘብ ከመስጠቱ በፊት ለተፋሰሱ አገሮች ማሳወቅን ግዴታ ስለሚያደርግና የታችኞቹ አገሮች ተቃውሞም ጽኑ ስለነበረ፣ ኢሊሱ በዚያ በር የሚገባ አልሆነም። የቀረው መንገድ የወጪ ንግድ ዋስትና ነበር። በዚህ አሠራር አንድ የአውሮፓ ኩባንያ ተርባይን ወይም የግንባታ ሥራ ለውጭ መንግሥት ሲሸጥ፣ ገዢው ሳይከፍል ቢቀር ዕዳውን የኩባንያው መንግሥት ይሸፍንለታል። ዋስትና ካለ የግል ባንኮች በዝቅተኛ ወለድ ያበድራሉ፤ ከሌለ ግን ወይ ወለዱ ይወደዳል፣ ወይ ብድሩ ጭራሹን ይቀራል።

የተቃውሞው ስልት ከዚህ አሠራር የተገኘ ነው። ዋስትናው የሚቆመው በግብር ከፋዩ ገንዘብ ላይ በመሆኑ፣ የለንደን ወይም የቪየና ነዋሪ ጤግሮስን በዓይኑ ባያየውም ስለ ግድቡ የመጠየቅ መብት ነበረው። የሐሰንኬይፍ ሰው አንካራ ላይ የማይሰማ ድምፁን በዚህ በኩል ወደ አውሮፓ ምክር ቤቶች አደረሰ።

የመጀመሪያው ዙር

የመጀመሪያው የኩባንያዎች ማኅበር በስዊዘርላንዶቹ ሱልዘርና ኤ.ቢ.ቢ. የሚመራ ሆኖ፣ የእንግሊዙ ባልፎር ቢቲ፣ የኢጣሊያው ኢምፕሬጂሎና የስዊድኑ ስካንስካ ተካፋዮች ነበሩ። ገንዘቡን ለማሰባሰብ የተዋዋለው የስዊዘርላንዱ ዩ.ቢ.ኤስ. ባንክ ነው። ከብሪታንያ የተጠየቀው ዋስትና 200 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር።

በታኅሣሥ 1999 የብሪታንያ የንግድ ሚኒስትር ስቲፈን ባየርስ መንግሥታቸው አራት ነገሮች ቢሟሉ ዋስትናውን ለመስጠት እንደሚያዘነብል አስታወቁ። አራቱም የተፈናቃዮች የማስፈሪያ ዕቅድ፣ ከላይ ካሉት ከተሞች የሚወርደውን ፍሳሽ የሚያጣሩ ጣቢያዎች፣ ለታችኞቹ አገሮች በቂ ውኃ እንደሚለቀቅ ማረጋገጫና የሐሰንኬይፍን ቅርሶች የማዳን ዕቅድ ናቸው። በ2000 የእንግሊዝ ምክር ቤት የዓለም አቀፍ ልማት ኮሚቴ ፕሮጀክቱ ከመነሻው ዓለም አቀፍ መመዘኛዎችን ሳይከተል የታቀደ መሆኑን ገልጾ ዋስትናው እንዳይሰጥ መከረ። በዚያው ዓመት ኅዳር የዓለም የግድቦች ኮሚሽን የወጣው ሪፖርት ለተቃዋሚዎቹ ተጨማሪ መመዘኛ ሆነላቸው። የምድር ወዳጆች የተባለው ድርጅትም የባልፎር ቢቲን አክሲዮን ገዝቶ፣ ኩባንያው የኮሚሽኑን መመሪያ እንዲቀበል በ2001 በባለአክሲዮኖች ስብሰባ ላይ ሐሳብ አቀረበ።

ስካንስካ አስቀድሞ በ2000 ወጥቶ ነበር። በኅዳር 2001 ባልፎር ቢቲና ኢምፕሬጂሎ ተከተሉት፤ በየካቲት 2002 ዩ.ቢ.ኤስ. ተሰናበተ። የመጀመሪያው ዙር በዚህ ተፈጸመ።

ሁለተኛው ዙር

የቱርክ መንግሥት ዕቅዱን አልተወም። አዲስ የኩባንያዎች ማኅበር ተቋቁሞ፣ በነሐሴ 2006 ጠቅላይ ሚኒስትር ኤርዶዋን የመሠረት ድንጋይ አኖሩ። በመጋቢት 2007 የጀርመን፣ የኦስትሪያና የስዊዘርላንድ መንግሥታት በድምሩ 450 ሚሊዮን ዩሮ የሚሆን ዋስትና ሰጡ። ካለፈው የተማሩ በመሆናቸውም ዋስትናውን በ153 ግዴታዎች አጠሩት። ግዴታዎቹ ስለ ተፈናቃዮች ኑሮ፣ ስለ አካባቢ ጥበቃ፣ ስለ ቅርሶችና ስለ ታችኞቹ አገሮች ውኃ የሚደነግጉ ሲሆኑ፣ አፈጻጸማቸውን በቦታው እየተገኘ የሚመረምር የባለሙያዎች ቡድን ተሰየመ።

ቡድኑ በ2008 ያቀረባቸው ሪፖርቶች ከግዴታዎቹ አብዛኞቹ እንዳልተፈጸሙ አሳዩ። በታኅሣሥ 2008 ሦስቱ መንግሥታት ለቱርክ የ180 ቀን ቀጠሮ ሰጥተው ሥራው እንዲቆም አደረጉ። ቀጠሮው አልፎ ለውጥ ባለመታየቱም ሐምሌ 7 ቀን 2009 ዋስትናቸውን ሻሩ። መንግሥታት አንድ ጊዜ የፈረሙትን ዋስትና በአካባቢና በማኅበራዊ ጉዳት ምክንያት መሻራቸው እምብዛም ያልታየ ነገር በመሆኑ፣ ተቃዋሚዎቹ እንደ ታላቅ ድል ቆጠሩት።

ከድሉ በኋላ

ድሉ ግን ግድቡን አላስቀረውም። የቱርክ መንግሥት ከአገር ውስጥ ባንኮች ተበድሮ ሥራውን ቀጠለ። የኦስትሪያው አንድሪትስ ኩባንያ በ2010 ያለ ዋስትና ተመልሶ ተርባይኖቹን ለማቅረብ ተዋዋለ። በ2013 መጀመሪያ የቱርክ ፍርድ ቤት የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ባለመደረጉ ሥራው እንዲታገድ ቢወስን፣ መንግሥት ደንቡን አሻሽሎ እገዳውን አለፈው።

በግንቦት 2017 ክብደቱ 1,100 ቶን ያህል የሆነው የዘይነል ቤይ መቃብር ብዙ ጎማ ባለው ማጓጓዣ ተጭኖ 2 ኪሎሜትር ያህል ተወሰደ። ሥራው በምህንድስና ረገድ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን መቃብሩ ተነሣ እንጂ ከተማይቱ አልተነሣችም። በሰኔ 2018 ሙሌቱ ሊጀመር ሲል በባግዳድ የወንዙ ውኃ እጅግ በመጉደሉ ኢራቅ አቤት ብላ ለጊዜው እንዲዘገይ ተደረገ። ኢራቃውያን በጥር 1990 የአታቱርክን ሐይቅ ለመሙላት ኤፍራጥስ ለአንድ ወር የተገታበትን ጊዜ አልረሱትም ነበር። በሐምሌ 2019 ሙሌቱ ተጀመረ፤ በግንቦት 2020 የመጀመሪያው ተርባይን ዞረ፤ አሮጌዋ ሐሰንኬይፍም ሰጠመች።

ለሙያው የተረፈው ጥያቄ

ከዚህ ታሪክ ሁለት ተቃራኒ ትምህርቶች ሊወሰዱ ይችላሉ። አንደኛው ተቃውሞው ከንቱ ነበር የሚል ነው። ይህ ትክክል አይደለም። የሦስቱ አገሮች ግብር ከፋይ ከማይፈልገው ኃላፊነት ድኗል፤ የዋስትና ድርጅቶችም አንድን ግድብ ከመደገፋቸው በፊት ስለ ሰውና ስለ ወንዝ መጠየቅ እንዳለባቸው ተምረዋል። ሁለተኛው ትምህርት ተቃውሞው ሙሉ በሙሉ ተሳክቷል የሚል ነው። ይህም ትክክል አይደለም። ዋስትናው ሲሻር 153ቱ ግዴታዎች አብረው ተሻሩ፤ መርማሪው ቡድንም ተበተነ። ጥያቄዎቹ በአበዳሪው ቦርሳ ውስጥ ስለነበሩ፣ ቦርሳው ሲዘጋ አብረው ተዘጉ። ይህ ማለት መንግሥታቱ ዋስትናቸውን መሻር አልነበረባቸውም ማለት አይደለም፤ ያልተፈጸመ ግዴታን አይቶ እንዳላየ ማለፍ ከመሻር የከፋ ነበር።

ነገሩ ኢትዮጵያዊውን መሐንዲስ በቅርብ ይነካዋል። በ1997 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ ስለ ወሰን ተሻጋሪ ወንዞች ስምምነት ድምፅ ሲሰጥ፣ ቱርክ ከቻይናና ከቡሩንዲ ጋር ስትቃወም ኢትዮጵያ ድምፀ ተአቅቦ አድርጋለች። በ2011 የተጀመረውና በ2025 የተመረቀው የታላቁ ህዳሴ ግድብም ወጪው በዋነኛነት በአገር ውስጥ ገንዘብ፣ በቦንድና በሕዝብ መዋጮ የተሸፈነ ነው። «የውጭ ሰው ገንዘቡን ቢነፍገን በራሳችን እንሠራለን» የሚለው የአንካራ ቃል ለአዲስ አበባ ጆሮ እንግዳ አይደለም። የላይኛው አገር በወንዙ የመጠቀም መብቱም እውነተኛ መብት ነው።

ይሁንና በራስ ገንዘብ መሥራት ከተቆጣጣሪ እንጂ ከኃላፊነት ነጻ አያወጣም። የውጭ መርማሪ ሲኖር መሐንዲሱ ለመርማሪው ይመልሳል፤ መርማሪው ሲቀር የሚጠይቀው ማነው? በ1999 የተነሡት አራት ነጥቦች፣ ማለትም ሰው የት ይሰፍራል፣ ፍሳሹ የት ይጣራል፣ ከታች ምን ያህል ውኃ ይደርሳል፣ ቅርሱስ ምን ይሆናል የሚሉት፣ የባንክ ጥያቄዎች ሳይሆኑ የንድፍ ጥያቄዎች ነበሩ። ቦታቸውም በብድር ውሉ አባሪ ላይ ሳይሆን በመጀመሪያው የጥናት ሰነድ ላይ፣ ከከፍታው፣ ከሙሌቱና ከተርባይኖቹ ቁጥር ጎን ነበር። ንድፉን የሠራው መሐንዲስ በዚያን ጊዜ ጽፏቸው ቢሆን ኖሮ፣ በ2009 የቪየናና የበርሊን ባለሥልጣኖች ፊርማቸውን ሲያነሡ ጥያቄዎቹን ይዘው ሊሄዱ ባልቻሉም ነበር።