የዘረመል ግድፈት፦ «ሚውቴሽን»ን በአማርኛ ስንጠራው

ስም መንገድ ይመራል። ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» የሚለው ስም ስንቱን በሽተኛ የሌሊት ወፍን እንዲወቅስ አድርጎ ከምርመራ አዘግይቶታል! ስለዚህ «ሚውቴሽን» ለሚባለው ነገር የምንሰጠው ስም ሊታሰብበት ይገባል። የተለመደው «የዘረመል ለውጥ» ስህተት የለበትም፤ ለውጡ ከምን እንደመጣ ግን አይናገርም። እኔ «የዘረመል ግድፈት» እላለሁ። ቤተልሔምን የመሰለ የድጓ ማስመስከሪያ ባለበት በጋይንት፣ ለንፋስ መውጫ ሰው ግድፈትን ማስረዳት አይከብድም፦ ቁም ጸሐፊው አንዲት ፊደል ከሳተ፣ ከእሱ ብራና የሚገለብጥ ሁሉ ስህተቷን ይወርሳል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስም 3,200 ገደማ ፊደላት ያሉት ትንሽ መጽሐፍ ነው፤ የሚገለብጠው ኢንዛይም ግን የጻፈውን መልሶ አያነብም፣ አያርምም። በአገራችን የሚበዙት ኤ እና ዲ የተባሉት ዝርያዎች፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ የተመዘገበው ዲ10 ንዑስ ዝርያም ጭምር፣ በዚህ መንገድ ለዘመናት የተለያዩ ቅጂዎች ናቸው።

አንዷን ግድፈት ቀረብ ብለን እንያት። በ1896ኛው ቦታ ላይ «ጂ» የተባለችው ፊደል በ«ኤ» ስትተካ፣ በመሀል ያለ ቃል «እዚህ ላይ አቁም» ወደሚል ትእዛዝ ይለወጣል፤ ቫይረሱም ኢ-አንቲጅን የተባለውን ፕሮቲን መሥራት ይተዋል። ይህ ፕሮቲን ከደም ሲጠፋ በሽታው የበረደ ይመስላል፤ ቫይረሱ ግን እየተራባ ጉበቱን ማቁሰሉን ሊቀጥል ይችላል። በ1762 እና በ1764 ላይ ያሉት ጥንድ ግድፈቶች ደግሞ ከጉበት ካንሰር ጋር ተያይዘው በልዩ ልዩ አገሮች ጥናት ተገኝተዋል። ግድፈት ብቻውን ግን አይፈርድም፤ ዕድሜና መጠጥ፣ የሻገተ እህልም ድርሻ አላቸው።

«ግድፈት ጉድለት ነው፤ ቫይረሱን የሚጠቅመው ለውጥ እንዴት ግድፈት ይባላል?» የሚል ይኖራል። ስሙ የሚገልጸው አመጣጡን እንጂ ውጤቱን አይደለም፤ ደግሞም ከግድፈቶቹ ብዙዎቹ ቫይረሱን ራሱን ያሰናክላሉ። «እንዲህ ከተለዋወጠ ክትባቱ ምን ይሠራል?» ለሚል፦ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት የሚሰጠው ክትባት ዛሬም ይከላከላል፤ ቴኖፎቪር የተባለውን መድኃኒት የሚቋቋም ግድፈትም እጅግ ብርቅ ነው። ቫይረሱ በደምህ እያለ «ኢ-አንቲጅን የለህም» የተባልክ አንባቢ ሆይ፣ ክትትልህን አታቋርጥ፤ የቫይረሱን መጠንና የጉበትህን ኢንዛይም አስለካ።