«እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለው የኦንላይን ካሲኖ ቦነስ፦ ስጦታ የሚመስለው ገንዘብ ስንት ያስከፍላል?

ሲልቨር ስፕሪንግም ሁኑ አሌክሳንድሪያ፣ ስልካችሁ ላይ ኳስ ልትከታተሉ ስትሉ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ይቀድማችኋል። «200 ዶላር አስገባ፣ 200 ዶላር እንጨምርልሃለን»፣ «5 ዶላር ተወራረድ፣ 150 ዶላር ቦነስ ውሰድ»። ዛሬ የምናወራው ቁማር ልክ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ አይደለም፤ እሱን ለየሰው ህሊና እንተወው። የምናየው ሒሳቡን ብቻ ነው። መልሱንም ከወዲሁ እንናገር፦ ይህ ቦነስ ስጦታ ሳይሆን ውል ነው። አብዛኛውን ጊዜም ውሉ የሚከፈለው ከራሳችሁ ኪስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፦ የምትጫወቱት የት ነው?

ብዙ ሰው የስፖርት ውርርድንና ኦንላይን ካሲኖን አንድ አድርጎ ያያል። ሕጉ ግን ይለያቸዋል። በስልክ የስፖርት ውርርድ በቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ፣ በሜሪላንድ ደግሞ ከኖቬምበር 23 ቀን 2022 ጀምሮ ተፈቅዷል። ዲሲም ፈቅዷል። ኦንላይን ካሲኖ ሲባል ግን ስሎት፣ ሩሌትና ብላክጃክን በስልክ በእውነተኛ ገንዘብ መጫወት ማለት ነው። ለዚህ እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ በሜሪላንድም፣ በቨርጂኒያም፣ በዲሲም ፈቃድ አግኝቶ የሚሠራ ድርጅት አልነበረም። በ2024 የሜሪላንድ ተወካዮች ምክር ቤት ኦንላይን ካሲኖን የሚፈቅድ ረቂቅ አሳልፎ ነበር፤ ሴኔቱ ግን አላጸደቀውም።

«ኤምጂኤም ናሽናል ሃርበር አለ አይደል?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ከአሌክሳንድሪያ የዊልሰንን ድልድይ ስትሻገሩ የሚታየው ሕንፃ ከዲሴምበር 2016 ጀምሮ ክፍት ነው። እሱ ግን ሰው በእግሩ ገብቶ የሚጫወትበት ነው። የስልክ ካሲኖ የተፈቀደላቸው ጎረቤቶቻችን ዌስት ቨርጂኒያ፣ ፔንስልቬኒያና ደላዌር ናቸው። እዚያ ፈቃድ ያላቸው መተግበሪያዎች ደግሞ ስልካችሁ ያለበትን ቦታ ስለሚያጣሩ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብላችሁ ልትጫወቱባቸው አትችሉም።

ስለዚህ አንድ «ካሲኖ» ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ሳሎናችሁ ገንዘብ ከተቀበላችሁ ከሁለት አንዱ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። አንደኛው ከባህር ማዶ የሚሠራ፣ እዚህ ፈቃድ የሌለው ድርጅት ነው። ቦነሱ ከሁሉ የሚበልጠው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፤ ያሸነፋችሁትን አልከፍልም ቢል ግን አስገድዶ የሚያስከፍልላችሁ የግዛት ተቆጣጣሪ የለም። ሁለተኛው «ስዊፕስቴክስ» የሚባለው ነው። ሁለት ዓይነት ሳንቲም ይሰጣችኋል፤ አንዱ ለጨዋታ ብቻ የሚሆን፣ ሌላው በገንዘብ የሚቀየር። «ቁማር አይደለም፣ ውድድር ነው» ይላሉ። የሜሪላንድ ተቆጣጣሪ ግን በ2025 እንዲህ ላሉ በርካታ ድርጅቶች ሥራችሁን አቁሙ የሚል ደብዳቤ ልኳል።

እሺ፣ ሒሳቡን እንሥራው

200 ዶላር አስገባችሁ፤ 200 ዶላር ቦነስ ተጨመረላችሁ። ስክሪኑ 400 ያሳያል። አሁን አውጥታችሁ መሄድ ትችላላችሁ? አትችሉም። ከታች በትንሹ የተጻፈ አንድ ቁጥር አለ፦ «30 እጥፍ»። ይህም ቦነሱን 30 ጊዜ ደጋግማችሁ ሳትወራረዱበት ማውጣት አይቻልም ማለት ነው። 200 በ30 ሲባዛ 6,000 ዶላር ይሆናል። የ6,000 ዶላር ውርርድ!

ስሎት ማሽን ከተወራረዳችሁበት 96 በመቶውን ይመልሳል ብለን እንያዝ። 4 በመቶው የቤቱ ነው። የ6,000 ዶላር 4 በመቶ 240 ዶላር ነው። የ200 ዶላር ቦነስ ለማስለቀቅ በአማካይ 240 ዶላር ትከፍላላችሁ ማለት ነው። እውነት ነው፣ አማካይ ነው፤ አንዱ ያሸንፋል፣ አሥሩ ይበላሉ። ድርጅቱ ግን የሚኖረው በአማካዩ ነው።

አንዳንዱ ውል ደግሞ 30 እጥፉን የሚያሰላው በቦነሱ ላይ ብቻ ሳይሆን እናንተ ባስገባችሁትም ላይ ነው። ያኔ 400 በ30 ተባዝቶ 12,000 ዶላር ይሆናል። የዚህ 4 በመቶ 480 ዶላር ነው። ልብ በሉ፣ ስክሪኑ ላይ የነበረው ጠቅላላ ገንዘብ 400 ነው። እንግዲህ ብዙው ሰው ግዴታውን ሳይጨርስ ገንዘቡ ያልቅበታል።

ጊዜውንም ቁጠሩት። በአንድ ዶላር፣ በደቂቃ አሥር ጊዜ ብትጫወቱ 6,000 ዶላር ለመጨረስ አሥር ሰዓት ይፈጃል። ኡበር ወይም ታክሲ ለሚነዳ ሰው አሥር ሰዓት ሙሉ የሥራ ቀን ነው። ልዩነቱ እዚህ ስትሠሩ የምትከፍሉት እናንተ መሆናችሁ ነው።

በትንሽ ፊደል የሚጻፉት

ከእጥፉ ቁጥር ሌላ፣ ውሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት እነዚህ ናቸው፦

የጨዋታ ልዩነት፦ ስሎት 100 በመቶ ይቆጠራል፤ ብላክጃክ ግን ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ብቻ። በብላክጃክ የቤቱ ድርሻ ትንሽ ስለሆነ «እሱን ተጫውቼ እጨርሰዋለሁ» የሚል ሰው 6,000 የነበረው ግዴታ 60,000 ይሆንበታል። በጥሩ አጨዋወት የቤቱ ድርሻ ግማሽ በመቶ ቢሆን እንኳ የ60,000 ግማሽ በመቶ 300 ዶላር ነው። በሩን የዘጉት አስልተው ነው።

የቀን ገደብ፦ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 30 ቀን። ካለፈ ቦነሱም ከቦነሱ የተገኘውም ይሰረዛል።

የውርርድ ጣሪያ፦ ለምሳሌ በአንድ ጊዜ ከ5 ዶላር በላይ አትወራረዱ ይላል። አንድ ጊዜ ብትስቱ ያሸነፋችሁትን ሁሉ ሊሰርዙ ይችላሉ።

የማውጫ ጣሪያ፦ በቦነስ ብዙ ብታሸንፉም ልታወጡ የምትችሉት የተወሰነ ነው።

የራሳችሁ ገንዘብ መያዝ፦ ግዴታውን ሳትጨርሱ ያስገባችሁትን ላውጣ ብትሉ ቦነሱን ታጣላችሁ፤ በአንዳንዱ ውል ደግሞ የራሳችሁም ገንዘብ እስከዚያው አይንቀሳቀስም።

የክሬዲት ካርድ፦ ባንኩ ክፍያውን እንደ ግዢ ሳይሆን ጥሬ ገንዘብ እንደ መበደር ሊቆጥረው ይችላል። ያኔ የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ ወለዱም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል።

እነዚህን ገደቦች አንዳንድ አገሮች በሕግ መቀነስ ጀምረዋል። የብሪታንያ ተቆጣጣሪ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ቦነሱን ከ10 እጥፍ በላይ ማስደጋገም ከልክሏል።

ሕጋዊው የስፖርት ውርርድ ቦነስስ?

«እኔ የምጠቀመው ሜሪላንድ የፈቀደችውን ነው» ለሚል ሰውም ነገሩ አላለቀም። 50 ዶላር «ቦነስ ቤት» ሲሰጣችሁ ስታሸንፉ የሚከፈላችሁ ትርፉ ብቻ ነው፤ 50ውን አትወስዱትም። በተለመደው ዋጋ፣ ማለትም 100 ለማትረፍ 110 በሚያስይዘው፣ 50 ዶላሩ ቢያሸንፍ 45 ዶላር ከ45 ሳንቲም ታገኛላችሁ። ዕድላችሁ ግማሽ ለግማሽ ከሆነ እውነተኛ ዋጋው 23 ዶላር ገደማ ነው። የ«150 ዶላር ቦነስ» ዋጋ 68 ዶላር አካባቢ ነው ማለት ነው። እሱም ከዚያ በኋላ መጫወት ካቆማችሁ ነው። ድርጅቱ ግን ቦነሱን የሚሰጠው እንድታቆሙ ብሎ አይደለም።

በዲሴምበር 2023 ማሳቹሴትስ ውስጥ ድራፍትኪንግስ ላይ የቀረበውን ክስ እንይ። ማስታወቂያው «1,000 ዶላር ቦነስ» ይል ነበር። ከሳሾቹ እንደሚሉት ግን ሙሉውን ለማግኘት 5,000 ዶላር ማስገባትና በ90 ቀን ውስጥ 25,000 ዶላር መወራረድ ያስፈልግ ነበር። ከላይ ባየነው የተለመደ ዋጋ 25,000 ዶላር የተወራረደ ሰው በአማካይ ወደ 1,136 ዶላር ይበላል። ለ1,000 ዶላር ቦነስ! ኩባንያው ክሱ ይዘጋልኝ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ዳኛዋ በኦገስት 2024 አልተቀበሉትም።

ኦሃዮም በ2023 መጀመሪያ «ነፃ» እና «ያለ ስጋት» የሚሉ ማስታወቂያዎችን ያወጡ ትልልቅ ድርጅቶችን ቀጥታለች። «ነፃ ውርርድ» ይባል የነበረው ዛሬ «ቦነስ ቤት» የተባለው በእንዲህ ዓይነት ጫና ነው። ስሙ ተቀየረ እንጂ ነገሩ ያው ነው። ወደ ቤታችን ስንቀርብ ደግሞ የባልቲሞር ከተማ በኤፕሪል 2025 ድራፍትኪንግስንና ፋንዱኤልን ከሳለች። የክሱ ፍሬ ነገር ኩባንያዎቹ ቦነስንና የስልክ መልእክትን ተጠቅመው የቁማር ሱስ ያለባቸውን ሰዎች ያጠምዳሉ የሚል ነው። ክስ ነው፤ ፍርድ አይደለም። የተከሰሰው ግን ይኸው ዛሬ የምናወራበት ቦነስ መሆኑን ልብ በሉ።

ማንም የማይነግራችሁ፦ ታክስ

በፌዴራል ሕግ በቁማር ያሸነፋችሁት ገቢ ነው፤ ወረቀት ባይላክላችሁም። የተበላችሁትን መቀነስ የምትችሉት ወጪያችሁን በዝርዝር ካቀረባችሁ ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው ግን የሚወስደው «ስታንዳርድ ዲዳክሽን»ን ነው። ዓመቱን ሙሉ 10,000 ዶላር አሸንፋችሁ 10,000 ዶላር ብትበሉ ኪሳችሁ ውስጥ ምንም የለም፤ ታክስ ፎርሙ ላይ ግን የ10,000 ዶላር ገቢ አለ።

ከ2026 ጀምሮ ደግሞ በዝርዝር ለሚያቀርበውም ቢሆን የሚቀነስለት ከተበላው 90 በመቶ ብቻ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 9,000ው ይቀነሳል፤ አግኝታችሁ በማታውቁት 1,000 ዶላር ላይ ግን ታክስ ትከፍላላችሁ።

በገቢ የሚወሰን የጤና ኢንሹራንስ ድጎማ ወይም ሜዲኬይድ የሚጠቀም ቤተሰብ በተለይ ይጠንቀቅ። የሚታየው በፎርሙ ላይ ያለው ገቢ ነው፤ የተበላችሁት እዚያ አይታይም።

የእኛ ሰው ላይ የሚብሰው

አንደኛ፣ ስም። ገንዘብ ልታወጡ ስትሉ መታወቂያ ይጠየቃል። የእኛ ስም የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው፤ መንጃ ፈቃድ ላይ አንድ ዓይነት፣ ባንክ ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስታስገቡ ብዙ ላትጠየቁ ትችላላችሁ፤ ስታወጡ ግን አንድ ፊደል ገንዘቡን ሊያስይዘው ይችላል።

ሁለተኛ፣ ቤተሰብ። «ቦነሱ ለአዲስ ሰው ብቻ ነው» ሲባል በሚስት፣ በወንድም ወይም በአጎት ልጅ ስም መክፈት አለ። ይህ ውሉን መጣስ ነው፤ አካውንቱ ሲዘጋ ገንዘቡም አብሮ ይቀራል። የታክስ ወረቀትም ከመጣ የሚመጣው በእነሱ ስም ነው።

ሦስተኛ፣ «ጓደኛህን ጋብዝ፣ 50 ዶላር ውሰድ» የሚለው። በዕቁብ ያስገባችሁት ተራችሁ ሲደርስ ይመለሳል፤ ሰብሳቢውንም ታውቁታላችሁ። እዚህ የምትጋብዙት ጓደኛ የሚበላው ገንዘብ ግን ለወር ኪራይ ወይም አዲስ አበባ ላለች እናት የታሰበው ሊሆን ይችላል።

ከመቀበላችሁ በፊት

መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው። «እቀበላለሁ» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ፈቃድ አለው ወይ? እጥፉ ስንት ነው፣ በቦነሱ ነው ወይስ በጠቅላላው? ስንት ቀን አለኝ? የራሴን ገንዘብ በፈለግኩበት ጊዜ ማውጣት እችላለሁ? ቦነሱን አልፈልግም ማለትስ? በብዙ ቦታ ቦነሱን እምቢ ብሎ መጫወት ይቻላል፤ መጫወታችሁ ካልቀረ ያኔ ገንዘባችሁ ቢያንስ በእጃችሁ ነው።

መቆም ላቃተው ሰው እርዳታ አለ፤ ስልኩ ነፃና ምስጢራዊ ነው። በሜሪላንድ 1-800-426-2537፣ በቨርጂኒያ 1-888-532-3500። ስትደውሉ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ሁለቱም ግዛቶች ሰው ራሱን ከውርርድ የሚያስከለክልበት መዝገብ አላቸው። ግን አስታውሱ፣ መዝገቡ የሚሠራው ፈቃድ ባላቸው ድርጅቶች ላይ ነው። ከባህር ማዶ ያለው ካሲኖ ያን ስም ዝርዝር አያየውም፤ የሚልክላችሁ አዲስ ቦነስ ነው።