«ለስላሳ እንጨት» ወይስ የጥድ ወገን?

የአናጢነት ሥልጠና የጀመረው የእህቴ ልጅ ባለፈው ወር የመማሪያ ጽሑፉን ይዞ መጣና አንድ ገጽ ገልጦ አሳየኝ። «እንጨት በሁለት ይከፈላል፤ ለስላሳ እንጨትና ጠንካራ እንጨት» ይላል። በምሳሌነት ጥድና ዝግባ ከለስላሳው፣ ዋንዛ፣ ወይራና ባልሳ ከጠንካራው ተመድበዋል። «ጋሼ፣ ጥዱ እኮ ከዋንዛው ይከብዳል፤ እኩል ቆርጠን መዝነነዋል» አለኝ። ልጁ ልክ ነው። ያሳሳተው ቃሉ ነው።

ቃሉ ከእንግሊዝኛ እንዳለ የተገለበጠ ነው። እንግሊዞቹ በጣውላ ገበያ ልማድ ጥድንና ዘመዶቹን «ለስላሳ»፣ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ዛፎች ደግሞ «ጠንካራ» ይሏቸዋል። በእነሱ ደን ይህ አባባል አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል። መለያው ግን ጥንካሬ አይደለም፤ የዛፉ ዘር ሐረግ ነው። በአንድ ወገን ዘራቸውን በፍሬ ሳይሸፍኑ የሚያፈሩ፣ በሌላው ወገን አበባ አውጥተው ዘራቸውን በፍሬ የሚሸፍኑ ዛፎች አሉ። ባልሳ ከሁለተኛው ወገን ስለሆነ «ጠንካራ» ተባለ። አንድ ሜትር ኩቡ ግን 160 ኪሎ ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው፤ በጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል። እንግሊዞቹ ይህን ጉድለት ለምደውት ይኖራሉ። እኛ ቃሉን ገና እያወጣን ሳለ ጉድለታቸውን አብረን የምንገዛበት ምክንያት አይታየኝም።

ደግሞም አማርኛው «ለስላሳ» የእንግሊዝኛውን ያህል እንኳ አያገለግልም። ለሰለሰ ስንል ከሁሉ በፊት የምናስበው እጅ ሲዳስሰው የማይቆረቁረውን ነው። ለስላሳ ጨርቅ፣ ለስላሳ አንደበት እንላለን። ምግብ ቤት ገብቶ «ለስላሳ አምጪልኝ» የሚል ሰው ጠርሙስ ይቀርብለታል። አናጢ «ለስላሳ እንጨት» ሲባል በመላጊያ ተልጎ ያለቀውን ጣውላ ያስባል፤ እንዲያ ከሆነ ወይራም በደንብ ከተላገ ለስላሳ ነው። ቃሉ ሥራ ቤት ውስጥ ሌላ ሥራ ይዟል፤ ከሥራው ልናፈናቅለው አይገባም።

ሌሎች አማራጮችም ሲነሱ ሰምቻለሁ። «ልም እንጨት» ጆሮ ላይ ያምራል። ልም ግን የዱቄትና የአፈር ቃል ነው፤ ችግሩም ያው የለስላሳ ችግር ነው። «መርፌ ቅጠል» ለውጭዎቹ ዛፎች ይስማማል። የእኛ ዝግባ ቅጠሉ ረዘም ያለ ጠፍጣፋ ነው፤ ያደገ ጥድ ደግሞ ቅርንጫፉን የሚያለብሰው እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረበ ደቃቅ ቅጠል ነው። የሁለቱንም መርፌ ብሎ የሚጠራ የለም። በአገሩ ዛፎች ላይ የማይሠራ ስም ምን ይረባናል?

«ሙጫማ እንጨት» የሚለው ሐሳብ ለጊዜው አሳስቶኝ ነበር። ኋላ ግን የዕጣን ዛፍ ትዝ አለኝ። ቅርፊቱ በተጋጠ ቁጥር ሙጫ የሚያነባው የዕጣን ዛፍ የሚመደበው ከዋንዛና ከባልሳ ጋር ነው። ጥድና ዝግባ በአንጻሩ ፓቱላ የሚባለው የውጭ ዛፍ ያለውን ዓይነት የሙጫ መተላለፊያ እንጨታቸው ውስጥ የላቸውም። ከግእዝ የመጣው «ክሡተ ዘር» ከሁሉም ትክክለኛው ነው፤ የዕፅዋት ትምህርት መጽሐፍ ቢጠቀምበት ደስ ይለኛል። ሆኖም ጣውላ ተራ ሄዶ «ክሡተ ዘር አለህ?» የሚል ገዢ መቼም አይኖርም።

እኔ የምሟገትለት «የጥድ ወገን» ለሚለው ነው። ተቃራኒው «የዋንዛ ወገን» ይሁን።

ጥድ ጥንታዊ ቃል ነው። በግእዝ ጽሕድ፣ በትግርኛ ጽሕዲ ይባላል። አማርኛ ሐውን ውጦ ጸን ወደ ጠ መለሰው፤ ጸበልን ጠበል፣ ጾምን ጦም እንዳለው መሆኑ ነው። ጽድ ብለው የሚጽፉም አሉ፤ ሁለቱም ከአንድ ሥር ስለሆኑ በዚህ አልጣላም። ዋናው ነገር ሕዝቡ ራሱ ቃሉን ማስፋት ከጀመረ መቆየቱ ነው። ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው ዛፍ አገር ሲገባ ገበሬው ዘመዱን አይቶ «የፈረንጅ ጥድ» አለው። በገና ሰሞን የሚሸጠውንም ጥድ ይለዋል። ባሕር ዛፍን ከባሕር ማዶ በመምጣቱ ባሕር ዛፍ ያለ ሕዝብ ስም ማውጣት ያውቅበታል። የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችም የሊባኖሱን ታላቅ ዛፍ «ዝግባ» ሲሉት፣ ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ የተላከውን እንጨት ዝግባና ጥድ ብለው ሲያጣምሩት፣ የሊባኖሱ ዛፍ በእርግጥም ከዚሁ ወገን ነበርና ጥሩ ዓይን ነበራቸው። እኛ የቀረን ይህን ሁሉ በአንድ ስም መሰብሰብ ብቻ ነው።

«ወገን» ማለትም ተራ መደብ ማለት አይደለም። ወገን መልኩ ቢለያይም ደሙ አንድ ነው፤ አንዱ ቀይ ሌላው ጠይም፣ አንዱ ቁጡ ሌላው ዝምተኛ ሊሆን ይችላል። የእነዚህም ዛፎች ነገር እንዲሁ ነው። ጥድ ውስጡ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ሲሰነጠቅ ሽታው ቤቱን ይሞላል። ምስጥ ስለማይደፍረው ለአጥር ቋሚ ይመረጣል። ዝግባ ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ ሽታ የለውም፣ የዓመት ቀለበቱም በቀላሉ አይለይም። ጉጥ የሌለው ሰፊ ጣውላ ይወጣዋል፤ መሬት ላይ ከተተወ ግን ምስጥ ይጨርሰዋል። የፈረንጅ ጥድ ቀለል ያለና ጉጥ የበዛበት ነው። ፓቱላን ደግሞ መጋዙ ላይ የሚጣበቀው ሙጫና ፈዛዛና ደማቅ እየተፈራረቀ የሚሄደው መስመሩ ያሳብቁበታል።

ደማቸው አንድ መሆኑ የሚታየው ግንዱ በአግድም ሲቆረጥ ነው። የተቆረጠውን ፊት በስለት አጥራና በማጉያ መነጽር ተመልከት። ዋንዛ ወይም ባሕር ዛፍ ከሆነ ውኃ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች በግልጽ ይታያሉ። ከጥድ ወገን ከሆነ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለም፤ ከእንጨቱ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ውኃም የሚያሳልፉ፣ ግንዱንም የሚያቆሙ ረጃጅም ደቃቅ ሕዋሶች ናቸው። ጥንካሬውን ሳንመዝን፣ ልስላሴውን ሳንዳስስ ወገኑን አወቅን ማለት ነው።

ስሙ ወገንን ሲይዝ «ለስላሳ»፣ «ጠንካራ»፣ «ቀላል»፣ «ከባድ» የሚሉት ቃላት ነጻ ወጥተው ወደ እውነተኛ ሥራቸው ይመለሳሉ። የእህቴ ልጅ ደብተር ላይ ያረምንለት እንዲህ ይነበባል፦ «ባልሳ የዋንዛ ወገን ነው፤ በጣም ለስላሳና ቀላል ነው። የሐበሻ ጥድ የጥድ ወገን ነው፤ ከዋንዛ ይከብዳል።»