ባለ 6 ቮልቷ ቮልስ

አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ነድቶ የማያውቅ ሞልቷል፤ ቮልስ ገፍቶ የማያውቅ ግን ጥቂት ነው። ሲገፋ የሚረገመው ባትሪው ነው። በደሉ ግን ብዙውን ጊዜ የባትሪው አይደለም።

የቮልስ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1938 ሲጣል አብዛኛው መኪና በ6 ቮልት ይሠራ ነበር። አሜሪካኖቹ ሞተራቸው እየገዘፈ ሲሄድ በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ 12 ተሻገሩ። ትንሿ ቮልስ አልቸኮለችም፤ ለአሜሪካ ገበያ እንኳ የተለወጠችው በ1967 ሞዴል ነው። የዚህ መዘግየት ዕዳ ዛሬ በግቢው አሮጌ ቮልስ የሚጠግነው ሰው ላይ አርፏል። ቮልቱ በግማሽ ሲያንስ ለዚያው መብራት እጥፍ ከረንት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ያው አንድ የዛገ መጋጠሚያ ባለ 6 ቮልቷን ከባለ 12ቷ አራት እጥፍ ይጎዳታል። እንግዲህ አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት የኋላውን መቀመጫ ማንሳት፣ ከባትሪው ወደ መኪናዋ አካል የሚሄደውን ገመድ ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት፣ መልሶም አጥብቆ ማሰር ነው። (ይህን ሳላውቅ ስንት ብር አውጥቻለሁ!)

ቀይዋ የዲናሞ መብራት ግን ለግቢ የምትቆይ አይደለችም። ቮልስ ውሃ የላትም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ የተገጠመው በዚያው በዲናሞው ዘንግ ላይ ነው። መንገድ ላይ ከበራች ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሶ ይሆናልና «ቤት ደርሼ አየዋለሁ» ማለት ሞተሩን ማቃጠል ነው። ወዲያው ማቆም፣ የኋላውን ክዳን ከፍቶ ማየት።